ይህን ለእማ አታንብብላት

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱ፣ ጅማ

አሰላሙ አለይኩም። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብሩ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የእማን የደም ግፊት መድኃኒት ግዙ፤ "ተሽሎኛል" እያለች እንደምታቋርጠው አውቃለሁ። የተረፈው ለሰሚራ ኒካህ ነው። እማ፣ የላክሽው ቡና ደርሶኛል። እሁድ እሁድ እቆላዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ ምን ሸተተ እያሉ በር ከፍተው ያያሉ።

አብዱ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለእማ አታንብብላት። ዝለልና የመጨረሻውን ብቻ አንብብላት።

ሰሚራ ቀሚሷን ስትለካ ተነስታ የላከችልኝን ፎቶ አይቼ አለቀስኩ። እኔ ስወጣ የፊት ጥርሷ የወለቀ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ፎቶውን ሳሰፋው ከትከሻዋ ኋላ ግቢው ውስጥ የቆመው ሚኒባስ ታየኝ። የግራ መብራቱ የለም፤ ኮፈኑ በሽቦ ታስሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ "መኪናው እንዴት ነው?" ስልህ "ወርቅ ነው" ስትለኝ ነበር። ሰኮሩ ላይ አይሱዙ ስትቀድም የተጋጨህ መሆኑን ያወጣሁት ሰሚራን አስጨንቄ ነው፤ እሷን እንዳትቆጣት።

ስድብ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። የመኪናውን ብር የላክሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብትሆን ለእማ ምን እላታለሁ?

ደግሞ እኔም ደብቄሃለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ብር ያልላክሁት ሥራ ቀዝቅዞ አልነበረም። ሎስ አንጀለስ፣ 405 የሚሉት ፍሪዌይ ላይ ሰው ከኋላ ገጭቼ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሁሉም ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ እኔ ከንጋት ጀምሮ መሪ ላይ ነኝ። ከፊቴ ያለችው ነጭ መኪና ቀስ ስትልብኝ ተናደድኩ፤ ተጠጋኋት፤ መብራት አበራሁባት፣ አጠፋሁባት። ፍሬን ስትይዝ የኔ እግር ገና ነዳጅ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ወርዳ የተጨፈለቀ መኪናዋን እንኳ ሳታይ "ደህና ነህ?" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እቆጥራለሁ። ከፊቴ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ፣ አያታችን በኦሮምኛ መቁጠር እንዳስተማረችን ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እላለሁ፣ ረጋ ብዬ። ሰዲ ሳልል ምሰሶው ጋ ከደረስኩ ተጠግቻለሁ። የካሊፎርኒያ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ሦስት ሰከንድ ነው። በ105 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 29 ሜትር ይበላል፤ እግርህ ፍሬኑን እስኪያገኝ የት እንደደረስክ አስበው።

"ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባብኛል" ትለኛለህ። ይግባ! ሃያ መኪና ቢገባብህ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ ብትለቅ፣ የምትዘገየው አንድ ደቂቃ ነው። እዚህ መንገዱ ሲጨናነቅ ከመግቢያው የሚመጣውን አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያሉ ያስገቡታል፤ የገባውም እጁን ያነሳል። መጀመሪያ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ለካ ተጠግቶ የሚነዳው ነው መንገዱን የሚዘጋው፤ እሱ ፍሬን ሲረግጥ ኋላው ያለው ባሰ ይረግጣል፣ እንዲያ እየተቀባበሉ መጨረሻ ላይ ያለው ያለ ምክንያት ቆሞ ይቀራል።

አሜሪካ ተቀምጦ ያስተምረኛል እንዳትለኝ። ያንተ መንገድ ከኔ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እዚህ ከፊት የሚመጣ የለም፣ በግንብ ተከፍሏል፤ አህያ የለም፣ ቡና ተሸክሞ የሚሻገር ሰው የለም። አንተ በ80 ከፊትህ የሚመጣውም በ80 ከመጣ በሰከንድ 44 ሜትር ትቀራረባላችሁ። ረዳትህ ለቢያጆ ሲጨቀጭቅህ፣ ተሳፋሪው "ንዳው እንጂ!" ሲልህ፣ አልቃይዳ እያላችሁ የምትስቁበትን አይሱዙ ኩርባ ላይ አትቅደመው። ጊቤንም ስትወርድ በማርሽ ያዘው፤ ፍሬን እስኪሸት አትጠብቅ።

ለመብራቱ 200 ዶላር ለብቻ ልኬያለሁ። ሳታሠራው ማታ እንዳትወጣ።

ለሰሚራ ኒካህ አልደርስም፣ ወረቀቴ አላለቀም። የዚያን ዕለት ሙሽራ አጅበህ ክላክስ እያንባረቅህ ከተማውን እንዳትዞር። እማን ጋቢና አስቀምጣት፣ ቀበቶዋን አንተው ራስህ እሰርላት፤ "አፈነኝ" ትላለች፣ አትስማት። በቪዲዮ ደውልልኝ፣ ግን መጀመሪያ መኪናውን አቁም።

እሺ፣ ከዚህ ጀምረህ አንብብላት።

እማ፣ ሥራዬ ቀላል ነው፤ በጊዜ እገባለሁ፣ በደንብ እተኛለሁ። አብዱም ረጋ ብሎ እንደሚነዳ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ዱዓሽ አይለየን።

ልጅሽ ከድር