ሰመሩን ድንጋይ ያስነኩን፦ ለጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለዩኒቨርሲቲያችን የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር። የዘንድሮውን የሰመር ኮርሶች ዝርዝር አየሁት። የጂኦሎጂ መግቢያ አለ። ታሪካዊ ጂኦሎጂ አለ። ሚነራሎጂ (የማዕድናት ጥናት) የለም፤ የመስክ ትምህርትም የለም። ብዕር ያስነሱኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አምና መግቢያውን የወሰድኩት በሰመር ነው። በስድስት ሳምንት አለቀ። ካልሳይትና ኳርትዝ የሚባሉትን ማዕድናት ያየነው በስላይድ ብቻ ነበር። ፎቶ ላይ ሁለቱም ነጣ ያሉና የሚያብረቀርቁ ናቸው። ፈተና ላይ ተምታቱብኝ። በኋላ አንድ የላብራቶሪ ረዳት ሁለቱንም መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። በቢላ ጫፍ ስጭረው ካልሳይቱ ዱቄቱ ወጣ፤ ኳርትዙ ንክችም አላለው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ አንዱ 3፣ ሌላው 7 ነው። ከዚያ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ጣል ሲደረግበት ካልሳይቱ እንደተከፈተ ለስላሳ ፈላ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ተምታተውብኝ አያውቁም።

ድንጋዮቹ እኮ አሉ። ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሰመር ሲመጣ ላብራቶሪው ይቆለፋል።

ሚነራሎጂን ያላለፈ ፔትሮሎጂ (የአለቶች ጥናት) አይወስድም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚከፈት ኤፍ ያመጣ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ነው። ሰመር ላይ ቢከፈት ከጓደኞቹ አይለይም ነበር።

ወደ መስኩ ልምጣ። በመደበኛው ሴሚስተር ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት ፊዚክስ አለብን። ስትራይክና ዲፕ (የድንጋይ ንብርብር የተዘረጋበትን አቅጣጫና ያዘነበለበትን መጠን) ለመለካት፣ ካርታ ለመሥራት ግን ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። እሱ ያለን ሰመር ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጄምስ ሃተን እንኳ በ1788 እ.ኤ.አ. በአገሩ የባሕር ዳርቻ እስካለው ሲካር ፖይንት ድረስ በጀልባ ሄዶ ነው፣ ቀጥ ብለው በቆሙ የድንጋይ ንብርብሮች ላይ ሌሎች ጋደም ብለው ያየው።

የመኪናው ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሩቅ አልጠየቅንም። መንገድ ሲሠራ የተቆረጠ ገደል ይበቃናል። «ዝናብ ያስቸግራችኋል» የሚሉም አሉ። እኛ እኮ ድንጋይ ሲደርቅብን በምላሳችን የምናረጥብ ሰዎች ነን! ርጥብ ድንጋይ ቀለሙም ቅንጣቱም ጎልቶ ይታያል። መብረቅ ከመጣ ግን እንመለሳለን።

ምዝገባው ሳይዘጋ መልስዎን እንጠብቃለን። ሁለቱም በአንዴ ካልሆነ ሚነራሎጂው ይቅደምልን፤ ለሱ የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍና አንድ አስተማሪ ነው።

አክባሪዎ፣
የሁለተኛ ዓመት ተማሪ