የወንጂ መታሰቢያ ቤት ጣሪያ ከበልግ በፊት እንዲመለስ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የወንጂ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፤

በነሐሴው ዝናብና ንፋስ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች መታሰቢያ ቤታችንና የማንበቢያ ክፍላችን ጣሪያ ግማሹ ወርዷል። ወራጁን ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት ኖሯል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። የሰበሰብናቸውን ፎቶግራፎች፣ የደመወዝ ደብተሮችና ገጀራዎች እድሩ በመጋዘኑ ተቀብሎልናል። መጋዘኑ ግን የድንኳንና የድስት ማስቀመጫ ነው፤ ለቅሶ በመጣ ቁጥር ዕቃችን ከጥግ ወደ ጥግ ይገፋል።

“ደግሞ ገንዘብ?” እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም መለመኑ ሰልችቶናል። “ያዋጣነው የት ገባ? ጣሪያው ለምን አልቀደመም?” ለሚለው ግን መልስ አለን። ገንዘቡ መሬት ውስጥ ገብቷል። ወንጂ ላይ ውኃ ከሰማይ ብቻ እንደማይመጣ ለእናንተ አይነገርም፤ አዋሽ በአጠገባችን፣ የመስኖ ቦዩ በዙሪያችን፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከእግራችን ሥር ነው። ግድግዳው እርጥበት እየሳበ ልስኑ ይረግፍ ነበር። ስለዚህ ዙሪያውን የማፋሰሻ ቦይ ቆፈርን፣ መሠረቱን በድንጋይ አጠናከርን፣ የተቦረቦረውን ሞላን። ፎቶ ላይ የሚያምር፣ ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም። ጣሪያው ሲወርድ ግድግዳው ሳይሰነጠቅ የቆመው ግን በዚያ ገንዘብ ነው። ደረሰኞቹ በሙሉ በፋይል አሉ፤ መጥቶ ማየት የፈለገ ይምጣ። አበል የወሰደ የኮሚቴ አባል የለም፤ ይህን ለመናገር መገደዳችን ራሱ ያሳዝነናል።

ክፍሉ ክፍት በነበረበት ጊዜ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ወንበር ይሻሙበት ነበር። ዛሬ በየበረንዳው ተበትነዋል።

ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም ሥራ እንዳስጀመረ፣ በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር ይመረት እንደነበር፣ በ1967 ዓ.ም እንደተወረሰ ከመጻሕፍት ይገኛል። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ አገዳ ሊቆርጥ የመጣው ሰው ግን የት ይገኛል? አገዳው ሲቃጠል በተሰጣ ልብስ ላይ የሚወርደው ጥላሸት፣ የሞላሰሱ ሽታስ? የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ የእኛን ጥርስ አበለዘ፤ ከአባቶቻችን ደግሞ የስንቱን ወገብና አንገት አደረቀ። የወንጂው ፋብሪካ በ2003፣ በኋላ አጠገቡ የተሠራው የሸዋ ስኳር ፋብሪካ በ2005 ዓ.ም ተዘግተው ሥራው ዶዶታ ወረዳ ወዳለው አዲሱ ፋብሪካ ሲሄድ፣ ይህን ሁሉ የሚያስታውሱት ጡረተኞች እዚሁ ቀሩ። እነሱ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን የምንቀዳበት ደረቅ ክፍል እንፈልጋለን፤ በየወሩ አንዱን እየቀበርን ነው።

የቀረን ወራጅና ማገር፣ ቆርቆሮ፣ አሸንዳና የአናጢ ዋጋ ነው። ልመናችን ከአንድ ሰው የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ነው፤ የቻለ ይጨምር፣ ያልቻለ ከጎረቤቱ ጋር ይጋራ። ጥሪያችንን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ያሰሙልንን አባቶች እግዚአብሔር ያክብርልን። ለአሥራትም ለሰደቃም ቢታሰብ በእንጀራው ላደግንበት ሰው ነው። በስብሰባ ላይ እጅ አውጥታችሁ ቃል የገባችሁና እስካሁን ያልከፈላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስማችሁን አንጠራም፤ ዝርዝሩ ግን አለን።

ክፍያ የሚፈጸመው በንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በእድሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ ቀድሞ ባዋጣችሁበት ደረሰኝ ጀርባም ታትሟል። ሦስት ፊርማ ካልተሟላ አንድ ብር አይወጣም። በድጋሚ እናሳስባለን፤ ሒሳቡ በግለሰብ ስም አይደለም፤ በግል ስልክ ደውሎ “ለወንጂ ጣሪያ ላኩልኝ” የሚል ሰው ከእኛ አይደለም።

ስታስገቡ “ምክንያት” በሚለው ቦታ ስማችሁንና አባት ወይም እናታችሁ የሠሩበትን ክፍል ጻፉ፤ እርሻም ይሁን ቦይለር፣ ጋራዥም ይሁን ክሊኒክ። ስም ሳይጻፍባቸው የገቡ ገንዘቦች አሉ፤ የማን እንደሆኑ ስላላወቅን ደረሰኝ አልቆረጥንላቸውም። ባለቤቶቹ የባንክ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ቅረቡ።

ኮሚቴው