እምዬ፣ ሲሚንቶውን ላስፈነቅለው ነው

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እምዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ለመስቀል ደብረ ማርቆስ ስመጣ ያቺን የዱቄት ወተት ጣሳ አየኋት። ጠዋት ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ አገኘኋት። ውስጧ አንዲት ጤና አዳም። በማግስቱም እንዲሁ። ለካ በዚያ በሚያምሽ ጉልበት ፀሐይ እየተከተልሽ የምታዞሪያት አንቺ ነሽ። ግቢውን ሲሚንቶ ያለበስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ክረምት ጭቃው እንዳያንሸራትትሽ ብዬ ነበር፤ ግን አበቦችሽን ሳስነቅል አንድ ቃል እንኳ አልጠየቅሁሽም። አንቺም «ጥሩ ነው፣ ጭቃው ቀረ» ብለሽ ዝም አልሽ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።

ጽጌው ኅዳር 5 ሲያበቃ እመጣና ከፊሉን አስፈነቅለዋለሁ። በምዕራቡ ግድግዳ ሥር ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ በድንጋይ እናሠራለን። ከፍታው ወንበር ያህል ይሁን። አያቴ ቤት የነበረውን መደብ አስቢው፤ በዚህኛው መቀመጫው ጠርዙ ብቻ ነው፣ የቀረው አፈር። ጠርዙ ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ስትዘረጊ ግድግዳው ድረስ ትደርሻለሽ፤ ማጎንበስ ቀረ። ከመደቡ ሥር ያለው ሲሚንቶ የግድ መነሣት አለበት፤ አለዚያ የክረምቱ ውሃ ይታቆርና ሥሩን ያበሰብሰዋል።

በቀለሙ እንደምንጣላ አውቃለሁ። አንቺ ጎረቤት ቆርጣ የሰጠችሽን ሁሉ ትተክያለሽ። በሰፊው ግቢ ያምርብሽ ነበር፤ በጠባብ ቦታ ግን አሥር ዓይነት አበባ አንዳንድ እግር ቢተከል ዓይን ማረፊያ አጥቶ ገበያ የገባ ይመስለዋል። ከአንዱ ዓይነት ሦስት አራት እግር ጎን ለጎን ሲሆን ነው ቀለሙ የሚጎላው። ስለዚህ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቀይ ጽጌረዳ ትቁም፤ ከፊቷ ነጭና ቀይ ጄራኒየም ይሁን፤ ውሃ በፈረቃ ቢመጣም ይችላል፣ ከቅርንጫፉም ቆርጠሽ ብትተክይው ይይዛል። ነጩን ወደ ደጃፉ አቅርቢው፤ ሲመሽ ሌላው ቀለም ሲጠፋ እርሱ ይታያል። ቀይና ቢጫ ወደ ዓይን ይቀርባል፣ ሰማያዊ ይርቃል፤ ሰማያዊውን ዳር ላይ ብናደርገው ግቢው ረዘም ያለ ይመስላል።

ሰማያዊ ስልሽ ከበሩ አጠገብ የነበረችውን፣ እንደ ጥቅል ጎመን ድብልብል ብላ የምታብበውን ማለቴ ነው። ሃይድራንጂያ ይሏታል። የእርሷ ነገር የሚገርም ነው፤ አሲዳማ አፈር ላይ ሰማያዊ ታብባለች፣ ኖራ የበዛበት ላይ ወደ ሮዝ ትለወጣለች። የጎዛምን ገበሬዎች መሬታቸውን በኖራ የሚያክሙት አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ አይደል? ያቺ አበባሽም ሰማያዊ የነበረችው ለዚያ ይመስለኛል። ሲሚንቶ ውስጥ ደግሞ ኖራ አለ። ስለዚህ ፍርስራሹ ከአፈሩ ጋር እንዳይቀላቀል እኔ ራሴ ቆሜ አስጠርገዋለሁ፤ እርሷንም ከግድግዳው ራቅ አድርገን፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በማያገኛት ጥግ እንተክላታለን። ሮዝ ሆና ብትወጣ እኔን ውቀሺኝ።

አደይ አበባ ግን ሰፊ ቦታ አትሰጪያት። መስከረምን ነግሣ ትደርቃለች፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ባዶ መሬት ይዘሽ ልትቀመጪ ነው። አንድ ጥግ ይበቃታል፤ ዘሯን ራሷ ትበትናለች። ጤና አዳሟና በሶብላው መቀመጫሽ አጠገብ ይሁኑ፤ ቡና ሲቀርብ ሳትነሺ ትቀጥፊያለሽ።

ለአፈሩ አታስቢ፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከቀይ አፈር ጋር የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። አንቺን የማስቸግርሽ አንድ ነገር ነው። የአደይ አበባው ራስ አሁን እየደረቀ ነውና፣ ዘሩ ረግፎ ሳያልቅ እህቴ ከመስኩ ትልቀምልሽና በወረቀት ጠቅልለሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪልኝ። ጣሳዋንም እስክመጣ ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ተያት፤ የጠዋቱ ፀሐይ ይበቃታል።

ልጅሽ