ስዕል አልችልም ላልሽኝ

ሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት ግን እሺ አይልም። የኔም ሲንጀር፣ የስፌት መኪናዬ፣ እንደሱ ሆናለች፤ ታቃስታለች እንጂ ሥራ አላቆመችም።

እሁድ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ምን ሆንሽ ስልሽ ምንም አልሽ። ስልኩን ልትዘጊ ስትይ ነው ጣል ያደረግሽው። «እማ፣ እኔ እኮ ስዕል አልችልም። የክፍሌ ልጆች በአምስት ደቂቃ ሞዴል ስለው ይጨርሳሉ፣ እኔ ጣት እንኳን መሳል አቅቶኛል። ይሄ የልብስ ዲዛይን ትምህርት የኔ አይመስለኝም።» ከዛ ቻው ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩልሽ።

በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

አምና አንዲት ደንበኛዬ ከውጭ ስትመለስ ትልቅ የልብስ መጽሐፍ ሰጥታኝ ነበር። ፈረንሳይኛ ስለሆነ ፎቶውን ብቻ ነበር የማየው። እሁድ ማታ አወጣሁትና የጎረቤታችንን ልጅ ጠራሁት። በስልኩ እየተረጎመ አነበበልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቡና እያፈላሁ አስነበብኩት። አንድ ሴት ላይ ስደርስ ግን «ቆይ፣ እስቲ ይሄን ድገመው» አልኩት።

ማድሌን ቪዮኔ ትባላለች። ሻኔልን አገር ያውቃታል፤ ይቺኛዋን ግን የሚያውቋት ልብስ የሚሰፉ ናቸው። አንቺም ስሟን በክፍል ሰምተሽ ይሆናል። ቢሆንም እኔ እንደገባኝ ልንገርሽ።

በፈረንጆቹ 1876 ሺለር ኦ ቧ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደች። ያደገችው ፓሪስ አጠገብ፣ ኦበርቪልዬ ነው። ድሆች ነበሩ። 12 ዓመት ሳይሞላት ገና ከትምህርት ቤት ወጥታ ልብስ ሰፊ ጋ ሥራ ልትማር ገባች። እንግዲህ አስቢው፣ አንቺ በዛ ዕድሜሽ እኔ ጋ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሰልችቶሽ ታለቅሺ ነበር።

በ18 ዓመቷ አገባች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጇ ገና ሕፃን ሳለች ሞተችባት። ትዳሩም ፈረሰ። ይሄን ሲያነብልኝ ልጁን ትንሽ አስቆምኩት። መጽሐፉ በሁለት መስመር ነው የሚያልፈው። ለእናት ግን ሁለት መስመር አይደለም። ከዛ ለንደን ሄደች። መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ቀጥሎ ለሀብታሞች የሚሰፋ ቤት ገብታ የፓሪስ ቀሚሶች እንዴት እንደሚቀዱ በእጇ ተማረች። ቋንቋ ሳትችል፣ ዘመድ ሳይኖራት። «ብቸኝነት ገደለኝ» ስትዪኝ እሷን አስባታለሁ።

ፓሪስ ስትመለስ ካሎ እህትማማቾች የሚባሉት ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ታላቂቱ እህት ማዳም ዤርቤር ጨርቁን ሴቷ ገላ ላይ እያደረገች ነበር የምትፈጥረው። ቪዮኔ አጠገቧ ቆማ ያንን በጨርቅ ትሠራው ነበር። በኋላ ምን አለች መሰለሽ? እነሱ ባይኖሩ ፎርድ ስሠራ እቀር ነበር፤ በእነሱ ምክንያት ሮልስ ሮይስ ሠራሁ ብላለች ይባላል። በኛ ሚኒባስና ቪኤይት እንደማለት ነው።

ከዛ ዣክ ዱሴ የሚባል ትልቅ የልብስ ቤት ባለቤት ወሰዳት። የቤቱን ልብስ አድሺልኝ አላት። እሷም ወገብ የሚያስረውን ኮርሴት አውልቃ ጣለችው። ሞዴሎቹን ያለ ኮርሴት፣ በባዶ እግራቸው አስወጣቻቸው። ያኔ የሴት ወገብ ታስሮ፣ ታፍኖ ነው የሚውለው። የቤቱ ሻጮች ደነገጡ፤ ይሄንንማ ለደንበኛ አናሳይም አሉ። ትልቅ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው ሚጣ። ጨርቁ ሳይሆን ሰዉ ነው የሚያስቸግርሽ።

በ1912 የራሷን የልብስ ቤት ፓሪስ ሩ ደ ሪቮሊ መንገድ ላይ ከፈተች። 36 ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ዘጋችው። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ጀመረች። በ1923 አቬኑ ሞንቴኝ ቁጥር 50 ወዳለው ትልቅ ቤት ገባች።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ይቺ ሴትዮ አትስልም ነበር።

አዎ፣ በደንብ አንብቢው። የምትሠራው በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ነው። ቁመቷ የሰው ግማሽ ገደማ ነው። የፒያኖ ወንበር ላይ ታስቀምጣትና ታሽከረክራታለች። ጨርቁን ታለብሳታለች፣ በስፒል ትይዛለች፣ ትቆርጣለች፣ ታፈርሳለች። ሲጥማት ነው በሰው ልክ የሚሠራው። በመጽሐፉ ፎቶ ላይ አሻንጉሊቷን ስታያት ፊት የላት፣ ምን የላት፤ ግን ተዓምር ከሷ ነው የሚጀምረው።

የሷ ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ጨርቁን በሰያፍ መቁረጥ ነው። ይሄን አንቺ ትማሪዋለሽ፣ ግን በእጅሽ ያዪው። እስቲ መሀረብ አንሺ። ጠርዙን ይዘሽ ከጎን ወደ ጎን ሳቢው። እምቢ ይላል። አሁን ከጥግ ወደ ጥግ ሳቢው። እሺ ይላል አይደል? ይለጠጣል፣ ስትለቂው ይመለሳል። ምክንያቱ ድርና ማጉ ነው። ቀጥ አድርገሽ ስትስቢው ክሩን ራሱን ነው የምትስቢው፤ ክር ደግሞ አይለጠጥም። በሰያፍ ስትስቢው ግን ድርና ማጉ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደሚሆነው ይሆናሉ። ክሩ ሳይለጠጥ ጨርቁ ይለጠጣል።

ከሷ በፊት በሰያፍ የሚቆርጥ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ለኮሌታ፣ ለጠርዝ ይቆረጥ ነበር። እሷ ነች ሙሉ ቀሚሱን እንዲህ ያደረገችው። ያኔ ጨርቁ ሴቷን ማነቅ ትቶ ዙሪያዋን ይፈስሳል። ያለ ኮርሴት ወገብ ይታያል። አንዳንዱ ቀሚስ ቁልፍ የለው፣ መንጠቆ የለው፤ በራስ ገብቶ ቁልቁል ይወርዳል። መስቀያ ላይ ስታዪው እርጥብ ጨርቅ ይመስላል። ሰው ሲለብሰው ነው ልብስ የሚሆነው።

ጨርቅ ይበላል ደግሞ! ከፊሉ ነው ተርፎ የሚወድቀው። ለዛ ነው ሰፋ ያለ ጨርቅ ያስፈለጋት። አሁን የምልሽን ስሚ። ይሠሩላት ከነበሩት ሐር ሠሪዎች አንዱ ቢያንኪኒ ፌሪዬ ነው፤ እዚሁ አንቺ ያለሽበት ሊዮን ውስጥ የተቋቋመ ቤት። ከተለመደው በጣም የሰፋ ክሬፕ የሚባል ጨርቅ ያዘጋጁላት ነበር። ሽሮ ሜዳ የማውቃቸውን ሸማኔዎች አሰብኩ። የኛ ሸማ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱን አጋጥመን ነው የምንሰፋው፤ በሰያፍ እንቁረጠው ብንል መሀሉ ላይ ስፌቱ ይመጣል። ጥበብማ እንኳን በሰያፍ ቀጥ ብሎም ያሳሳል።

እኔም አንዴ ሞክሬዋለሁ፣ አልነገርኩሽም። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሽ ነው። አንዲት ደንበኛ ለእህቷ ሰርግ የሳቲን ቀሚስ አዘዘችኝ። ፎቶ አመጣች። በሰያፍ እንደተቆረጠ ገባኝ፣ ቆረጥኩት። ስትለብሰው እኔ ራሴ አፌን ያዝኩ። ሐሙስ ሰፋሁ፣ ዓርብ አስረከብኩ፣ ቅዳሜ ሰርግ። እሁድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ቀሚሱ በግራ ጎኑ አራት ጣት ወርዶ መሬት ሲጠርግ አምሽቷል! በቪዲዮ ሁሉ ቀርቷል። ሴትዮዋ ጨዋ ነበረች፣ አልጮኸችም። እኔ ግን ብሩን መልሼ ሳምንት አለቀስኩ።

ጥፋቴን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይንጠለጠላል። በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጣል። ስለዚህ ከመሥሪያ አሻንጉሊቱ ላይ ሰቅለሽ ቢያንስ አንድ ሌሊት ታሳድሪዋለሽ። ጠዋት የወረደውን ታይና ከመሬት በሜትር እየለካሽ ጫፉን ታስተካክያለሽ። ከዛ ነው የሚታጠፈው። ይሄን ስዕል አያሳይሽም ሚጣዬ። ወረቀት ላይ የተሳለ ቀሚስ አይወርድም።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። አንድ ቀሚሷን በተለይ እፈልገዋለሁ። ከአንደኛው ጦርነት ማብቂያ አካባቢ የሠራችው ነው። አራት ካሬ ጨርቅ ብቻ። አራት መሀረብ በይው። ካሬዎቹን በጫፋቸው ይዛ ከትከሻ አንጠለጠለቻቸው፤ ሌሎቹ ጫፎች ቁልቁል ሹል ሹል ብለው ወርደዋል። በቃ። ክብ የለ፣ የተጣመመ ቁርጥ የለ። ትናንት ማታ ከጋዜጣ አራት ካሬ ቆርጬ ሞከርኩት። ከጋዜጣ አይሆንም፣ ወረቀት አይለጠጥም። ከድሮ አንሶላ ቆረጥኩ። እንደገና ተሳሳትኩ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። አባትሽ «በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት ታለብሻለሽ እንዴ?» አለኝ።

ቤቷ አድጎ እስከ 1,200 ያህል ሠራተኛ ደርሶ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ወንበሩ ነው። ልጅ ሆና በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ስላደገች፣ ለሠራተኞቿ መደገፊያ ያለው ወንበር አደረገችላቸው። የምግብ አዳራሽ ነበራቸው። ሐኪም ነበራቸው፣ የጥርስ ሐኪም ጭምር። የወሊድ ፈቃድ ትሰጥ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ የዓመት ፈቃድ ከነደሞዝ በሕግ የመጣው በ1936 ነው፤ እሷ ጋ ግን ከዛ በፊት ነበር። እኔ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት ወንበራችን የቢራ ሳጥን ነበር። ወገቤን ዛሬም የምታዪው ነው።

ስርቆትም አልቀረላትም። ቀሚሶቿ እየተኮረጁ በየቦታው ይሸጡ ነበር። ምን አደረገች? እያንዳንዱን ሥራ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ አስነስታ በቁጥር መዘገበች። ልብሱ ላይ በሚሰፋው ስም ላይ ደግሞ የአውራ ጣቷን አሻራ አኖረች። አስቢው፣ ፊርማ ሳይሆን አሻራ። ሲያነብልኝ ሳቅኩ። እኛ አገር አሻራ መጻፍ የማይችል ሰው ነው የሚያደርገው። እሷ ግን ጣቴ ነው የሠራው ማለቷ ይመስለኛል።

ፈረንሳይ በ1929 ሌዥዮን ዶነር የሚባለውን ኒሻን ሰጠቻት። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ቤቱን ዘጋች፤ 63 ዓመቷ ነበር፣ አልተመለሰችበትም። በ1952 ከ100 በላይ ቀሚስና 75 የፎቶ አልበም ለቅርስ ሰጠች። በ1975 በ98 ዓመቷ አረፈች።

ስዕል ተዪ አላልኩሽም። አስተማሪሽ ካዘዘ ሳይ፣ ጣትም ቢሆን ተለማመጂ። ያለ ስዕል ፈተናውም አይታለፍም መሰለኝ። ግን «የኔ አይደለም» ያልሽውን አልቀበልም። አንቺ እኮ በስድስት ዓመትሽ የአክስትሽን ነጠላ ወንበር ላይ ጠቅልለሽ «ሙሽራ ሠራሁ» ያልሽ ልጅ ነሽ። የነጠላው ጥለት ልክ ወገቡ ላይ ነበር የመጣው። እኔ ያኔ ቆጥቼሽ ነጠላውን ነጠቅኩሽ፤ አሁን ይቆጨኛል።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያንን ቪዮኔ የሰጠችውን ልብስ አሁን የያዘው ፓሪስ፣ ሉቭር ጎን ያለው የማስዋብ ጥበባት ሙዚየም ነው። በ2009 ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳይተውላት ነበር። ከሊዮን ባቡሩ ሁለት ሰዓት ነው ብለሽኝ የለ? አንድ ቅዳሜ ሂጂ። ጨርቅ ስለሚጎዳ ሁልጊዜ አያወጡትም አሉ፤ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ከተሳካልሽ ፊት ለፊቱን ፎቶ አታንሺልኝ፣ እሱን መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ። ጎንበስ ብለሽ ጫፉን እዪልኝ። እንዴት ነው ያጠፈችው? በእጅ ጠቅልላ ነው ወይስ ቆርጣ ትታዋለች? የትከሻው ስፌት ላይስ ክሩ ላላ ያለ ነው ወይስ ጠበቅ? እኔ ጠበቅ ሳደርገው እየተጨማደደ አስቸግሮኛል።

በርበሬውንና ሽሮውን በምትመጣው ሰው ልኬልሻለሁ። በርበሬው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ እንዳትጥዪው። የአንሶላ ቀሚሷ ናት፣ ሦስተኛዋ። አሻንጉሊትሽ ላይ ስቀያትና አሳድሪያት። ጠዋት የትኛው ጎን እንደወረደ ደውለሽ ንገሪኝ።

እናትሽ