በሃምሳ ዓመቷ ለምትሄደው ሴት ሥልጠናው የት አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ከላይ እስከ ታች የሚያወራው ስለ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ልጆች ብቻ ነው። እዚህ ጎንደር ግን ፓስፖርት ይዘው ኤጀንሲ ደጅ ከሚቆሙት መካከል ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተው የመጡ ሴቶች አሉ። ቱሪስት ሲጠፋ ከሆቴል የተቀነሱ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሲቸረችሩ የኖሩ። ብዙዎቹ የሚታሰብላቸው ሥራም ሕፃን መያዝ ሳይሆን ሽማግሌና አሮጊት ማስታመም ነው። እኔም አንዷ ነበርኩ። የመጨረሻ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ቦሎኛ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አሠሪ አግኝታልኝ ጣሊያን ሄድኩ። ዘጠና የተጠጋቸው ባልቴት ቤት እያደርኩ አስታመምኩ።

«በዚህ ዕድሜሽ ስደት?» ያላለኝ የለም። የነፍስ አባቴ ሳይቀሩ «ልጁ እስኪመረቅ ብትታገሺ» ብለውኛል። ስለ ሥራው ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እናትሽን አስታመሽ ቀብረሽ የለም እንዴ? ያው ነው» ተብሎ ታለፈ።

ያው አይደለም። እናቴ አልጋ ስትይዝ እህቴ እግሯን፣ እኔ ትከሻዋን እንይዝ ነበር፤ ጎረቤት ቡና ያፈላል፣ የወንድሜ ልጅ መድኃኒት ቤት ይሮጣል። እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአስታማሚዋና ከበሽተኛዋ በቀር ማንም የለም። ክብደታቸው ሰባ ኪሎ የሆኑ ሰው በብብታቸው ተይዘው ከተጎተቱ የእሳቸው ትከሻ ይጎዳል፣ የአስታማሚዋ ወገብም ይቀጫል። እንዴት እንደሚገላበጡ ያሳየችኝ ለቁስል እንክብካቤ ቤት ድረስ የምትመጣ ነርስ ናት። መጀመሪያ አልጋውን እስከ ወገብ ከፍ ማድረግ። ራቅ ያለውን ጉልበታቸውን አጥፎ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ ማሳረፍ፤ ከዚያ አንድ እግር ቀድሞ ጉልበትን ለዘብ አድርጎ፣ ትከሻና ዳሌያቸውን ይዞ ወደ ራስ ማዞር። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ትራስ ከባታቸው ሥር ይገባል። ጅራት አጥንታቸው ላይ የቀላው ቆዳ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ ካልጠፋ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው፤ ነገ አያለሁ አይባልም።

የባልቴቷ የመርሳት በሽታስ? ሲመሽ «ጫማዬን ስጪኝ፣ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ፤ ስልሳ ዓመት በኖሩበት ሳሎን ተቀምጠው። «ቤትዎ እኮ ይኸው ነው» ከተባሉ ይጮኻሉ። ካፖርታቸውን አልብሼ ኮሪደሩን አብሬያቸው ስዞር ግን ይረጋጋሉ። (እዚህ ቢሆን ጸበል ውሰጃቸው እባል ነበር።) ይህን ሁሉ ሰው ቤት ገብቶ በሰው ገላ ላይ መማር ለታማሚውም ለአስታማሚውም አደጋ ነው። የእህቴ ልጅ ከመሄዷ በፊት የወሰደችው የቤት አያያዝ ሥልጠና ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ምድጃና ምንጣፍ መጥረጊያ ሲያስተምራት ከረመ፤ ስለ አልጋ ቁራኛ አንድም ቀን አልተነሣም።

ሥልጠናው ገንዘብም ነው። የአሠሪና የሠራተኛ ማኅበራት የተፈራረሙት የጣሊያን የቤት ሠራተኞች የጋራ ስምምነት ራሱን መቻል ያቃተውን ሰው የሚያስታምሙትን በሁለት እርከን ይመድባቸዋል፤ ያልሠለጠነችው ዝቅ ባለው፣ የሠለጠነችው ከፍ ባለው ደመወዝ። ሠልጥኛለሁ ለማለት ቢያንስ የ500 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል፤ አቻነቱ ከተረጋገጠ ደግሞ ሌላ አገር የተገኘ ምስክር ወረቀትም ይሠራል። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሰጥ አራት ወር ገደማ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓውያኑ 1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲመሠረት ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ነው፤ ነርሱም ፊዚዮቴራፒስቱም እዚሁ ይማራል። መምህር ከሩቅ አይመጣም።

በዕድሜ ገፍታ የምትሄድ ሴት ደግሞ ወጣቷ የማታስበውን ስሌት ማሰብ አለባት። በጣሊያን የእርጅና ጡረታ የሚገኘው በመደበኛው 67 ዓመት ሲሞላና የ20 ዓመት መዋጮ ሲኖር ነው። በሃምሳ የጀመረች 20ውን የምትሞላው በሰባ ነው። ወደ አገሩ ለሚመለስ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ሠራተኛ ግን 20 ዓመት ሳይሞላም በ67 የከፈለውን ያህል የሚታሰብበት መንገድ አለ፤ ይህን የሚነግራት ሰው የለም እንጂ። የጋራ ስምምነቱ ለአዳሪ ሠራተኛ በሳምንት ከ54 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ ሌሊቱን የሚቆጥረው ግን ማን ነው? የሚያስታምሟቸው ሰው ሲያርፉ ደግሞ ከማስጠንቀቂያው ጊዜ በኋላ ሥራውም ማደሪያውም አብረው ያልቃሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪ ጋር በተሳሰረባቸው የዓረብ አገራት ይህ የበለጠ ይከፋል።

ስለ ደላላ ብዙ አልልም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ መድኑንም በአሠሪው ላይ ጥሏል። ጣሊያን በአውሮፓውያኑ 2025 ከ80 ዓመት በላይ ለሆኑና ለአካል ጉዳተኞች አስታማሚ እስከ 10,000 ሰው ከመደበኛው ኮታ ውጭ ለማስገባት ስትፈቅድም ማመልከቻው የሚቀርበው እዚያው ላለው አሠሪ፣ በሕጋዊ የሥራ አገናኝ ድርጅት ወይም በአሠሪዎች ማኅበር በኩል ነው፤ እዚህ ፒያሳ ቡና ቤት ተቀምጦ ቀብድ በሚቀበል ሰው በኩል አይደለም።

ይህን ሥልጠና ብትከፍቱ ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ልጅ እግር የሆነው ሠራተኛ በትሕትና ወንበር ስቦልኝ «እናቴ፣ ለእርስዎስ ማረፍ አይሻልም?» አለኝ። እኔ አርፌያለሁ። የምጠይቀው ለሌሎቹ ነው። ዩኒቨርሲቲውና የከተማው የሥራና ክህሎት ኃላፊዎች ተነጋግረው፣ ዕድሜ የማይገድብ፣ የ500 ሰዓት የአረጋውያን እንክብካቤ ትምህርት ይክፈቱ፤ ክፍያውም በየወሩ የሚከፈል ይሁን። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ የሆነው ጎረቤቴ ጉዞዋን ለጥር አስባለች። ኮርሱ ከተከፈተ እስክትጨርስ ትቆያለች፤ ጠይቄያታለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአዘዞ፣ ጎንደር