እንኳን ደስ አለዎት ለማለት ምን አስቸኮለዎት?

ግልጽ ደብዳቤ
ለክቡር ማህሙድ አሊ ዩሱፍ
የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር
አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር፣

እኔ የዚህችው ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከቤቴ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ የእርስዎን ሕንፃ ሳላየው አልውልም። ይህን ጉዳይ አደባባይ ከማውጣቴ በፊት በግል ሞክሬያለሁ። ለእርስዎ እንዲደርስልኝ ብዬ በአንድ ቢሮ በኩል ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አስገባሁ። ማህተም ተመትቶ ቅጂው ተሰጠኝ። ተመልሼ ስጠይቅ «እየታየ ነው» ተባልኩ። ደግሜ ስሄድ ደብዳቤውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። ጥያቄዬ ለእርስዎ ነውና በቀጥታ ልጠይቅዎት።

ጥቅምት 19 ቀን ታንዛንያ ውስጥ ምርጫ ተደረገ። ጥቅምት 22 ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሀሰን 98 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ ተባለ። እርስዎ ወዲያው የደስታ መግለጫ አወጡ። እዚያው መግለጫ ላይ በጠፋው የሰው ሕይወት ማዘንዎን ጽፈዋል። ደጋግሜ አነበብኩት። ደስታና ኀዘን አንድ ወረቀት ላይ እንዴት እንደተገናኙ እስካሁን አልገባኝም።

ቀናት ሳይቆዩ እርስዎ የሚመሩት ኅብረት የላከው የታዛቢ ቡድን የራሱን መግለጫ አወጣ። ምርጫው የአፍሪካ ኅብረትን መርሆዎች አላሟላም አለ። ኮሮጆ ውስጥ ተጨማሪ ድምፅ ሲጨመር አይተዋል። ለአንድ መራጭ ከአንድ በላይ ወረቀት ሲሰጥ አይተዋል። ቆጠራው ሳያልቅ ውጡ የተባሉ ታዛቢዎችም ነበሩ። ይህን ያሉት ተቃዋሚዎች አይደሉም። ቡድኑን የመሩት የቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ሞክዊትሲ ማሲሲ ናቸው። እሳቸው በ2024 ፓርቲያቸው ከ58 ዓመት ሥልጣን በኋላ ሲሸነፍ፣ መሸነፋቸውን በሰላም ተቀብለው የወረዱ ሰው ናቸው። መሸነፍ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። እርስዎ ግን የራስዎ ሰዎች ያዩትን ይዘው እስኪመለሱ አልጠበቁም። ስንት ቀን ነበር የሚያስጠብቅዎት? አራት ቀን? አምስት?

ሕጉን ላስታውስዎት ብዬ አይደለም የምጽፈው። የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተር የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ጥር 2007 እ.ኤ.አ.። እርስዎ 20 ዓመት ገደማ የጅቡቲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሚያናድደኝም ይኸው ማወቅዎ ነው።

እስቲ ስለ አንድ ሰው ልንገርዎት። ቱንዱ ሊሱ ታንዛንያዊ ጠበቃና የተቃዋሚ ፖለቲከኛ ናቸው። መስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ዶዶማ ውስጥ፣ ከፓርላማ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በጥይት ተደበደቡ። 16 ጥይት ገላቸው ላይ አረፈ። ናይሮቢ፣ ከዚያ ቤልጅየም ሆኑና ደጋግመው በቀዶ ጥገና ታከሙ። በ2020 ተመልሰው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ፣ ከምርጫው በኋላ ደግሞ ለሕይወታቸው ሰግተው ወጡ። ፕሬዚዳንት ሳሚያ የፖለቲካ ስብሰባ እገዳን ሲያነሱ፣ ጥር 2023 አገራቸው ገቡ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳሚያን አመስግኗል። እኔም አመስግኛለሁ። ጥር 2025 ሊሱ የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ የቻዴማ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ዘመቻቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ማሻሻያ ከሌለ ምርጫ የለም። የምርጫ ሕጉ ይስተካከል፣ ኮሚሽኑ ገለልተኛ ይሁን፣ ከዚያ እንወዳደር ነው ያሉት።

ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በደቡብ ታንዛንያ ምቢንጋ ከተማ ስብሰባ አድርገው ሲጨርሱ ተያዙ። በማግስቱ የአገር ክህደት ክስ ቀረበባቸው። በዚያ አገር ሕግ ይህ ክስ ሞት ያስፈርዳል፣ ዋስትናም የለውም። ከሁለት ቀን በኋላ ፓርቲያቸው የሥነ ምግባር ደንብ አልፈረመም ተብሎ ከምርጫው ታገደ። ሌላው ጠንካራ ተወዳዳሪ ሉሃጋ ምፒና ነበሩ። እሳቸውም ተሰረዙ። ፍርድ ቤት ቢመልሳቸውም የምርጫ ኮሚሽኑ እንደገና ሰረዛቸው። ከዚያ 98 በመቶ መጣ። ይህ ነው እንኳን ደስ አለዎት የተባለበት ውድድር።

ካሪያኮ ገበያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ እየነገድኩ ዳሬሰላም ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ያከራዩኝን እናት ሰፈሩ ሁሉ ማማ ነበር የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት ቻፓቲና ሻይ ሳልጠጣ ከበር አያስወጡኝም ነበር። በምርጫው ቀን ዋትሳፕ ላይ «ማማ እንዴት ናችሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ራይት ብቻ ሆኖ ቀረ። ኢንተርኔቱ ተዘግቷል፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል ተባለ። በማግስቱ አየሁት፣ አንድ ራይት። በሦስተኛው ቀንም። ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን አያለሁ። እርስዎ መግለጫውን ያወጡ ጊዜ የእኔ መልእክት ገና አልደረሰም ነበር።

መስመሩ ሲከፈት ቮይስ ላኩልኝ። «ኒኮ ሳላማ፣ ሰላም ነኝ» አሉ። ልጃቸው ቤት ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ግን ዳቦ ልግዛ ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቱ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረች ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፣ በገዛ ቤታቸው። የተመድ የሰብዓዊ መብት ቢሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳይገደሉ እንዳልቀሩ ገልጿል። ያ ልጅ ከነሱ ውስጥ ይኑር አይኑር አላውቅም። ማማ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «አንተ አዲስ አበባ ነህ። ኅብረቱ እዚያው ነው። ምን አሉ?»

ምን ልበላቸው?

ታንዛንያዊ ዜጋ የት ሄዶ አቤት ይበል? በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 41 መሠረት የምርጫ ኮሚሽኑ ያወጀውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በፍርድ ቤት መቃወም አይቻልም። አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ ፍርድ ቤት በ2020 ይህ አንቀጽ የአፍሪካን የሰብዓዊ መብት ቻርተር ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። አንቀጹ ግን እዚያው ነው። ታንዛንያ ደግሞ ከዚያ ፍርድ በፊት፣ በ2019፣ ግለሰቦች በቀጥታ ወደዚያ ፍርድ ቤት እንዲሄዱ የፈቀደችበትን ቃል አንስታለች። ፍርድ ቤቱ የሚያስችለው በእነሱው ከተማ ነው፣ በሩ ግን ለእነሱ ዝግ ነው። እንግዲህ የአገር ውስጡ ተዘጋ፣ አሩሻም ተዘጋ። የቀረው የኅብረቱ ቃል ነበር። እሱንም እርስዎ ዘጉት።

የቆሙበትን መሬት ታሪክ ሰው ነግሮዎት ይሆናል። ዋናው መሥሪያ ቤት ከመሠራቱ በፊት እዚያ ከርቸሌ ነበር። ውስጡ ያለውን እስር ቤት እኛ ዓለም በቃኝ ነበር የምንለው። ስሙ ራሱ ይናገራል። ጣሊያን አስሮበታል፣ ንጉሡ አስረውበታል፣ ደርግ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ባለሥልጣናቱን የረሸነው እዚያ ነው። እናቴ ለወንድሟ ስንቅ ታቀብል የነበረው ሌላ እስር ቤት ነው፣ ግን በሩ ሁሉ አንድ ነው። ሳህኑን በነጭ ጨርቅ ትቋጥረዋለች። ማታ ባዶ ሳህን ሲመለስላት ትስቃለች፣ በልቷል ማለት ነውና። አንድ ቀን ምግቡ ሳይነካ ተመለሰ። ያን ቀን ማንንም አላነጋገረችም። በማግስቱ በሌሊት ተነስታ እንደገና ወጥ ሠራች። አጎቴ ታሞ ነበር፣ ኋላ ተፈታ። ያ ሳይነካ የተመለሰ ሳህን ግን ከቤታችን ወሬ አልወጣም።

ዛሬ ዳሬሰላም ውስጥ ለሊሱ እንዲህ በር ላይ የሚቆም ቤተሰብ አለ። በዓለም በቃኝ መሬት ላይ የተቀመጠ ኅብረት ስለ እሳቸው ያለው ነገር ግን አልተሰማኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ራስዎ የካቲት 2025 እ.ኤ.አ. እንዴት ነው የተመረጡት? እዚሁ አዲስ አበባ፣ በምስጢር ድምፅ፣ ሰባት ዙር ተደርጎ፣ በ33 ድምፅ። ተፎካካሪዎ የኬንያው ራይላ ኦዲንጋ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይመሩ ነበር። ማንም አላሰራቸውም። ማንም ከዝርዝሩ አልሰረዛቸውም። አሸነፉ፣ ሰውም አጨበጨበልዎት። ለእርስዎ የተገባው ውድድር ለታንዛንያ ሕዝብ ለምን አይገባውም?

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። የደስታ መግለጫውን ይሰርዙት። ካልሆነም የታዛቢዎቹን ግኝት እንደሚቀበሉ በራስዎ አፍ፣ በስምዎ ይናገሩ። የሊሱን እስር በስማቸው ጠርተው ያንሱ፣ «የሚመለከታቸው ወገኖች» ብለው አይለፉት። ደግሞም ከእንግዲህ የታዛቢው ቡድን ቃል ሳይሰማ ከኮሚሽኑ የደስታ መልእክት እንዳይወጣ ያድርጉ። ለዚህ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም፣ የእርስዎ እስክሪብቶ ይበቃል።

ማማ ትናንት እንደገና ጻፉልኝ። የጎረቤታቸው ልጅ እስካሁን አልተገኘም። የጠየቁኝን ጥያቄ አልረሱትም፣ እኔ ግን አልመለስኩላቸውም። የእርስዎን መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ