ትልቁን የአረቄ ጋን ከመበየድ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ አረቄን በበርሜል ወይም ከዚያ በሚበልጥ የብረት ጋን ለማውጣት ያሰቡ ወጣቶች፣ ብየዳ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ጆርጅ ዴቪስ የሚባለውን እንግሊዛዊ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1850 ተወለደ። በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ነበር፤ ያንን ትቶ ኬሚስትሪ ተማረ። በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሆኖ የሶዳ (ለሳሙናና ለመስታወት መሥሪያ የሚሆን ኬሚካል) ፋብሪካዎች የሚለቁትን የአሲድ ጋዝ ይከታተል ነበር። የጊዜው ሕግ ከጋዙ 95 በመቶው ተይዞ እንዲቀር ያዝዝ ነበር። በ1887 ማንቸስተር ውስጥ በሰጣቸው 12 ትምህርቶች ፋብሪካን በምርቱ ስም መከፋፈሉን ተወና በሥራው ከፋፈለው፦ ማትነን፣ ማጣራት፣ ማድረቅ፣ መፍጨት። ሽቶ የሚያወጣውና አረቄ የሚያወጣው ያው አንድ ሥራ ነው ማለት ነው። በ1901 ትምህርቱን አስፋፍቶ በመጽሐፍ አሳተመው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ስለ መጠን ያለው ነው፦ በጥቂት ግራም የተሞከረ ነገር ትልቅ ፋብሪካ ለመትከል ብዙም አይረዳም፤ በጥቂት ኪሎ የተሞከረው ግን የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ ለማለት ይቻላል ይሰጣል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጋኑ ቁመትና ስፋት እጥፍ ሲሆን ድፍድፉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ እሳት የሚያገኘው ገላው ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመፍላት ይዘገያል። ሰው ይቸኩልና እንጨት ይጨምራል፤ ወፍራሙ ድፍድፍ ከሥር ያርራል፣ አረቄውም የማረር ሽታ ይዞ ይወርዳል። አለዚያም ገንፍሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ቱቦው ከተደፈነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ያኔ ጋኑ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ማቀዝቀዣው የባሰ ነው። ግማሹ አልኮል የሆነ 1 ኪሎ እንፋሎት ወደ ፈሳሽ ለመመለስ፣ ከ15 ወደ 45 ዲግሪ የሚሞቅ ቢያንስ 12 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። በገበቴ የቆመ ውኃ ለትንሽ ጋን ይበቃ ነበር፤ ለበርሜል ወራጅ ውኃ ያስፈልጋል። ሳይቀዘቅዝ ያመለጠው እንፋሎት እሳቱ አጠገብ ይቀጣጠላል።

ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ የቴርሞሜትር ቁጥርም እዚህ አይሠራም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አልኮሉም እንደዚያው ቀድሞ ይተናል።

እንግዲህ መጀመሪያ 20 ሊትር ድፍድፍ በሚይዝ ጋን ይሞከር። የፈጀው እንጨት ይመዘን፤ የማቀዝቀዣው ውኃ ሲገባና ሲወጣ ያለው ሙቀት፣ በየሩብ ሰዓቱ የወረደው አረቄ ልክና ጥንካሬ ይጻፍ። ብየዳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኬሚካል ምህንድስና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን